የጠና ሙሽራ

ቢንያም መጽሐፉን ሊጽፍ ሲነሳ ያልጠየቀው ሽማግሌ የለም። ሺንሺቾ ወርዶ ጠይቋል፤ ሙዱላ ድረስ ሄዶ ጠይቋል፤ ጆሮው የደነቆረ ጡረተኛ ፊት ስልኩን ደቅኖ ከሰዓቱን ሙሉ ሲጮህ ውሏል። አክስቱን ሰሎሜን ግን አንድ ቀን «እንዴት ነበር?» አላላትም። ዶዮገና፣ አባቱ የተወለደበት ግቢ ድረስ መጥቶ ቆጮዋን በአይብ በላ፤ አሬራዋን ጠጣ፤ ቤቱን ከፊትም ከኋላም ፎቶ አነሳ፤ አበቃ። በር ላይ ስትሸኘው «እኔንስ አትጠይቀኝም?» ብትለው፣ ትከሻዋን እንደ ሕፃን ቸብ ቸብ አድርጎ፣ «እርስዎማ ይረፉ አክስቴ። ይሄ ሥራ ዓመተ ምሕረት ይጠይቃል» አላት።

ሰሎሜ ዓመተ ምሕረት አትቆጥርም፤ ፊደልም አልቆጠረችም። ግን የቢንያም አባት፣ ታናሽ ወንድሟ ወንዳፈረው፣ በር ላይ የነበረውን ዝግባ መብረቅ በጣለው ክረምት እንደተወለደ ታውቃለች። ያደገውም በእርሷ ጀርባ ላይ ነው። ጀርባዋ ላይ የሸናው ሽንት ከልጁ መጽሐፍ ይወፍራል። ይህ ግን ለቢንያም መረጃ አይደለም። መረጃ ማለት ለእርሱ ሱፍ የለበሰ ወንድ ጉሮሮውን ጠርጎ የሚናገረው ነው።

መጽሐፉ የተመረቀ ዕለት ሆሳዕና ወረደች። ፊት ለፊት ካሉት ወንበሮች አንዱ ላይ ገና ከመቀመጧ፣ ደረቷ ላይ ጥብጣብ ያሰረች ልጅ መጥታ፣ «እማማ፣ ይሄ ለክብር እንግዶች ነው» አለቻት። ተነሳች። ኋላ፣ በሩ አጠገብ፣ ከድምፅ ማጉያው ሥር አስቀመጧት። የክብር እንግዶቹ ሲመጡ አየቻቸው፤ ግማሾቹ ንግግሩ ሳያልቅ እንቅልፍ ወሰዳቸው።

መጽሐፉ «ሦስት ጎረምሶች» ይባላል። የመጀመሪያው ጎረምሳ በጃንሆይ ጊዜ የነበረው የሰሎሜ አባት ነው። ሁለተኛው በደርግ ጊዜ የነበረው ወንዳፈረው ነው። ሦስተኛው ስም የለውም፤ ተምሮ ሥራ ያጣና በሞያሌ በኩል ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄድ የዛሬ ልጅ ነው። ቢንያም መነጽሩን አስተካክሎ ስለ አባቱ የጻፈውን አነበበ። ወንዳፈረው የደርግን የወታደር አፈሳ ሸሽቶ አንድ በጋ ሙሉ ብቻውን ጫካ ውስጥ አሳለፈ፤ የሰው ፊት አላየም፤ የሰው እሳት አልሞቀም፤ ከጅብ ጋር ተፋጠጠ፤ ራሱን በራሱ ወንድ አደረገ። ፊት የተቀመጠው ወንዳፈረው አንገቱን ደፋ፤ ትሕትና ነው ብለው አጨበጨቡለት።

ሰሎሜ ሳቀች። ባለጥብጣቧ ልጅ ሳል መስሏት ውሃ አመጣችላት።

ሰሎሜ ነገሩን እዚያው ሳቅ ላይ ልትተወው ትችል ነበር። ወንድ ስለራሱ ሲዋሽ መስማት ለእርሷ አዲስ አይደለም፤ ስንቱን ውሸት በድግስ ላይ ከቆጮው ጋር ውጣለች። ያልተወችው በልጅ ልጇ በሆሴዕ ምክንያት ነው።

ሆሴዕ ያደገው በእርሷ ቤት ነው። ከዩኒቨርሲቲ በአካውንቲንግ ተመርቆ ቢመጣም ሥራ የለም። ጠዋት ሸሚዙን ተኩሶ ይወጣል፤ ከሰዓት ሸሚዙ ሳይጨማደድ ይመለሳል። መጽሐፉ ከተመረቀ ወዲህ ግን ከብብቱ አያወጣውም። ቢንያም የመጀመሪያው ገጽ ላይ ፈርሞለታል። ምን ብሎ እንደፈረመ ስትጠይቀው ሆሴዕ ደረቱን ነፍቶ አነበበላት፦ «መንገዱን ብቻውን ለሚጀምረው ለጀግናው ሆሴዕ።»

«የምን መንገድ?» አለች ሰሎሜ።

«እንዲሁ ነው አያቴ። አነጋገር ነው።»

በዚያ ሰሞን ከሰዓት ከሰዓት፣ ከቤቱ ፊት ለፊት አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ያነብላት ጀመር። እርሷ ጎመን ትቀነጥሳለች፤ እርሱ ያነባል። አባቷ ዘንድ ሲደርስ፣ ጎረምሳው መልከኛውን ዓይን ለዓይን አይቶ «መሬቱ የአባቴ ነው» እንዳለው የሚተርክ ገጽ መጣ።

«አባቴ?» አለች ሰሎሜ። «የመልከኛው በቅሎ ኮቴ ከሩቅ ሲሰማ አባቴ የት ይገባ እንደነበር ላሳይህ? ተነስና ጓሮውን እይ። የኛ ቤት ወንዶች ሲጨንቃቸው የሚያውቁት አንድ ቦታ ነው። ከእንሰት ኋላ።»

ሆሴዕ ሳቀና ገጹን ገለበጠ።

«ቆይ፤ ሴቶቹ የት አሉ?» አለችው።

«አሉ እንጂ። ይኸው፣ እናቱ አለቀሰች ይላል።»

«ሌላስ?»

ገለጥ ገለጥ አደረገ። «እዚህም... አለቀሰች።»

«ስታለቅስ ከዋለች እራቱን ማን ሠራ?»

«አያቴ፣ መጽሐፍ እኮ ነው።»

«መጽሐፍ ውስጥ ያለ ሰው አይርበውም ማለት ነው?»

ወንዳፈረው ጫካ የገባበት ምዕራፍ ላይ ሲደርሱ ግን ሆሴዕ መሳቁን ተወ። ድምፁ ወፈረ፤ ቃላቱን እንደ ጸሎት ያነባቸው ጀመር። ሰሎሜ ጎመኑን አስቀምጣ አየችው። ይህን ዓይን ታውቀዋለች። አባቱ፣ ልጇ ተስፋዬ፣ ሊሄድ ሰሞን እንዲህ ያለ ዓይን ነበረው። ተስፋዬ በዚያው በሞያሌ መንገድ ወጥቶ፣ አንድ ቀን «ታንዛኒያ ገባን» ብሎ ደወለ። ከዚያ ወዲያ የደወለ የለም። ሆሴዕ ያኔ ገና ጥርሱን እየነቀለ ነበር።

«መቼ ነው?» አለችው።

«ምኑ?»

«ማንበብ አልተማረችም ብለህ ፊትህንም የማላነብ መሰለህ?»

ሆሴዕ መጽሐፉን አጠፈ። ቅዳሜ ማለዳ ነው አላት። ደላላው ሆሳዕና ይጠብቀዋል፤ ዓርብ ጋሽ ወንዳፈረው ቤት ያድራል። ጋሽ ወንዳፈረው ያውቃል፤ «ወንድ ነህ፣ ሞክር» ብሎ መርቆታል። ከዚያ እርሷ ሳትጠይቀው፣ «ጋሽ ወንዳፈረው ያለ ስንቅ፣ ያለ ሰው ጫካ ውስጥ አንድ በጋ ከቻለ እኔ መንገድ ያቅተኛል?» አለ።

ሰሎሜ አልጮኸችም፤ አላለቀሰችም። የሚያለቅሱት በመጽሐፉ ውስጥ ያሉት ናቸው።

«የትኛው ጫካ?» አለችው። «ያን ጊዜ ዶዮገና ላይ የቀረው ጫካ ፍየል አይደብቅም ነበር። ተቀመጥ፤ እኔ ላንብልህ።»

ያን በጋ አፈሳ ነበር። ጢም ያቀመቀመ ሁሉ ከገበያ፣ ከመንገድ፣ ከአልጋው ላይ እየታፈሰ ይጫናል። ወንዳፈረው ያኔ አንድ ፍሬ ጎረምሳ ነው፤ ረጅም፣ ቀጫጫ፣ ጥላውን የሚፈራ። ቤቱ በተፈተሸ ቁጥር ቆጥ ላይ ወጥቶ የቆጡ እንጨት እስኪንቀጠቀጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። እናታቸው ናት የዘየደችው። መስቀል አልፏል፤ እንሰት የሚፋቅበት ጊዜ ነው። ሴቶቹ ተራ ገብተው ዛሬ የአንዷን፣ ነገ የሌላዋን ጓሮ ይፍቃሉ። ሴት እንሰት በምትፍቅበት ደግሞ ወንድ ዝር አይልም። ቀሚሷን እስከ ጭኗ ሰብስባ፣ አንድ እግሯን ሰቅላ እንሰቱን በተረከዟ ሳንቃ ላይ ይዛ ነው የምትፍቀው፤ ባሏ እንኳ ውሃ ቢጠማው ከሩቅ ስሎ ይጣራል እንጂ አይገባም። ነውር ነው።

«ወንድምሽን አልብሺው አለችኝ» አለች ሰሎሜ። «አለበስኩት። የእናታችንን ቀሚስ። ራሱን በሻሽ ጠፍሬ፣ ፊቱን በነጠላ ሸፍኜ፣ ጀርባውን ለመንገዱ ሰጥቼ ሳንቃ ፊት አስቀመጥኩት። መፋቂያ አስያዝኩት። ያንን በጋ ሙሉ ፋቀ። ከጓሮ ጓሮ ከእኛ ጋር ዞረ። የበላው እኛ ያጎረስነውን ነው። የሞቀው የሰባት ቤት እሳት ነው። ጅብ ነው ያለው? የተፋጠጠው ከጎረቤት ዶሮ ጋር ነው፤ እርሷም አሸንፋዋለች።»

ሆሴዕ አፉን ከፍቶ አያት።

አንድ ቀን ከሌላ አገር የመጣ ካድሬ የገበሬ ማኅበሩን ታጣቂዎች አስከትሎ ጓሮው ጫፍ ድረስ መጣ። ታጣቂዎቹ የአገር ልጆች ናቸው፤ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ካድሬው ወግ የማያውቅ ነውና እንሰቱን ገለጥ አድርጎ ሊገባ ሲል የራሱ ታጣቂዎች «ጓድ፣ እዚያ አይገባም» ብለው ክንዱን ያዙት። እርሱም ቆሞ፣ ያቺ ረጅሟ ለምን ፊቷን ትሸፍናለች ብሎ ጠየቀ። ሴቶቹ ሁሉ መፋቃቸውን አቆሙ። ወንዳፈረው ብቻ ይፍቃል፤ ፈርቶ እጁን ማቆም አልቻለም።

«እኔ ተነሳሁ» አለች ሰሎሜ። «የጎረቤታችን የጠና ሙሽራ ናት አልኩት። ሙሽራ ለወንድ ፊቷን አታሳይም፣ አታናግርም። ማየት ካማረህ ግባና ግለጣት፤ እግረ መንገድህን የኔንም ጭን፣ የነዚህ የወታደሮችህን እናቶች ጭንም አይተህ ትወጣለህ አልኩት። ታጣቂዎቹ እኮ ሮጡ። እርሱም ተከተላቸው። ምስኪን ጠና፤ ሚስት ይቅርና ድመት አልነበረውም። በማግስቱ ገበያ ላይ ካድሬው ጨብጦት እንኳን ደስ ያለህ አለው።»

ሆሴዕ መጽሐፉን አገላብጦ አየው። ከዚያ በቀስታ፣ እንዳያስከፋት ተጠንቅቆ፣ «ታዲያ ይሄን ሌላ ማን ያውቃል?» አለ።

እናታቸው ሞታለች። ጠናም ሞቷል። አብረው የፋቁት ሴቶች ከፊሎቹ አፈር ገብተዋል፤ የቀሩት ልጆቻቸው ይዘዋቸው ርቀው ሄደዋል።

«እኔ አውቃለሁ» አለች።

ሆሴዕ ስልኩን አውጥቶ ድምፁን ከፍቶ ደወለ። የወንዳፈረው ድምፅ ወፍራም ሆኖ መጣ። ሆሴዕ የሰማውን በአጭሩ ነገረው። ከወዲያ ማዶ የሳቅ ድምፅ ተሰማ። «እቴቴ አርጅታለች ልጄ። ዘመን ይደበላለቅባታል። ሰሞኑን ከከብቶቹ ጋር ሁሉ ታወራለች ይሉኛል። አትቀየማት።»

ሰሎሜ ወደ ስልኩ ጎንበስ አለች። «ከከብት ጋር ባወራ ምን ይገርማል? ከብት አይዋሽም።»

ስልኩ ተዘግቶ ነበር። ሆሴዕ ተነስቶ ትከሻዋን ቸብ ቸብ አደረጋት፤ ልክ እንደ ቢንያም። ከሁሉ ያናደዳት ይህ ነው።

ዓርብ ዕለት ሆሴዕ ሻንጣውን ይዞ ሲወጣ ሰሎሜ በር ላይ ቆማ ጠበቀችው። ነጠላዋን ለብሳለች፤ አጠገቧ አፉ በገመድ የታሰረ ማዳበሪያ አለ። የት ነው ቢላት፣ «ወንድሜን ልጠይቅ ነው። አይቻልም?» አለችው። ሚኒባሱ ላይ ረዳቱ ማዳበሪያውን ሊያነሳ ሲል በርጥበቱ እጁ ተጨማለቀ።

«ምንድነው ይሄ እማማ?»

«ማስረጃ ነው» አለችው። «ቀስ አድርገህ ጫነው።»

የወንዳፈረው ሳሎን በሰው ሞልቷል። መጽሐፉ ከወጣ ወዲህ እንኳን ደስ ያለህ ባዩ አላባራም። ሁለት የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌዎች ሶፋው ላይ ተቀምጠው ለስላሳ ይጠጣሉ። ቢንያም እግሩን አጣምሮ ስለ ሁለተኛው እትም ያወራል። ወንዳፈረው መሐላቸው ነው፤ ሸበቶውን አበጥሯል፤ ነጠላ ጫማ አድርጎ ሶፋው ጫፍ ላይ ተንሰራፍቷል። ጫካው ተስማምቶታል፤ ሆዱ ወጥቷል።

«እቴቴ» አለ ከመቀመጫው ብድግ ብሎ። «ምነው ሳትደውዪ?»

«ሲደወልልህ የምትለውንማ ሰማሁ።»

ሳመችውና ማዳበሪያውን ምንጣፉ ላይ ዘረገፈችው። መጀመሪያ የወጣው በአገልግሎት ብዛት የጎደጎደ ሳንቃ ነው። ከዚያ የቀርከሃ መፋቂያ። ከዚያ ጠዋት ከጓሮዋ የገነጠለችው፣ ውሃው ገና የሚንጠባጠብ የእንሰት ቁራጭ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ፊቱን ወደ መስኮት አዞረ፤ እርሱም የአገር ልጅ ነው፣ መሣሪያውን ሲያይ ነውሩ መጣበት።

«አክስቴ» አለ ቢንያም፣ «ምንጣፉ...»

«ምንጣፍ ይታጠባል። አንተ የጻፍከው ነው የማይታጠበው።»

«አክስቴ፣ ሰምቻለሁ ነገሩን። አባቴ ነግሮኛል። ግን እኔ የሠራሁት በጥናት ነው። የአንድ ሰው ትዝታ...»

«አባትህ ስንት ሰው ነው?» አለችው።

ሰሎሜ ሳንቃውን ወንዳፈረው ተመልሶ የተቀመጠበት ሶፋ ጠርዝ ላይ አስደግፋ፣ ጉልበቷን ይዛ ቀስ ብላ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። ሆሴዕ ሊደግፋት ቢጠጋ በእጇ መለሰችው። ሻንጣው አሁንም ትከሻው ላይ ነው።

«ወንዳፈረው፣ ይሄ ልጅ ነገ ማለዳ ይሄዳል» አለች። «መርቀኸዋል አሉ። ምን ብለህ መረቅከው?»

«ወንድ ነው፣ ይሞክር አልኩ። እኔም በዚያ ዕድሜ...»

«አንተም በዚያ ዕድሜ?»

ወንዳፈረው ሽማግሌዎቹን አየ። ልጁን አየ። «እቴቴ፣ እንግዳ አለ» አለ በዝግታ። «ነገሩን ሌላ ጊዜ እንጫወተዋለን። አሁን ደክሞሻል። ትንሽ ብታርፊ...»

«ልረፍ እንጂ። ይቺን ብቻ ልፋቅና አርፋለሁ» አለች።

እንሰቱን ሳንቃው ላይ አጋደመች። ሆን ብላ በእግሯ አልያዘችውም። እንሰት ስትፍቅ የኖረች ሴት በዚያ አኳኋን አታስተኛውም። መፋቂያውን በሁለት እጇ ይዛ አንድ ጊዜ ወደ ታች ስትገፋው ቁራጩ ከሳንቃው ላይ ተንሸራተተ።

የወንዳፈረው እግር ከነጠላ ጫማው ወጣ። ማንም አላዘዘውም። ተረከዙ ወደ ላይ ተነስቶ ቁራጩን አናቱ ላይ ያዘ፤ ሳንቃው ላይ ቸንክሮ አቆመው። ጣቶቹ እንኳ ወደ ውስጥ ታጥፈው ነበር፤ ያን በጋ መፋቂያው እንዳይነካቸው እጥፍ ማድረግን ያስተማረችው እርሷው ናት።

መስኮት ያይ የነበረው ሽማግሌ ዞሮ አየ። ቢንያም የአባቱን እግር አየ። ወንዳፈረውም የራሱን እግር የሰው እግር ይመስል ቁልቁል ተመለከተው። ሊያነሳው ፈለገ፤ ግን ቢያነሳው እንሰቱ ይወድቃል። ስለዚህ አላነሳውም።

ሰሎሜ እንደገና ፋቀች። እንሰቱ አሁን ንቅንቅ አላለም። ነጩ ፍቅፋቂ በፋብሪካ ምንጣፍ ላይ ተዝረከረከ።

«አባዬ?» አለ ቢንያም።

የወንዳፈረው ጆሮዎች ቀልተዋል።

ሆሴዕ ሻንጣውን ከትከሻው አላወረደም፤ ግን ወደ በሩ የዞረው ፊቱ ተመልሷል። አያቱንና ጋሽ ወንዳፈረውን ያያል፤ ያንን እግርም ያያል። ስልኩ ኪሱ ውስጥ ጮኸ፤ ደላላው ይሆናል። አላነሳውም፤ አልዘጋውምም።

«ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል ይላሉ» አለች ሰሎሜ፣ መፋቂያውን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ። «ያንተ ግን ታተመ፤ ከበደ። ይኸውልህ፣ ይሄ ልጅ ተሸክሞት ሞያሌ ሊወርድ ነው። የኔ ተስፋዬም እንዲህ ያለ የወንድ ወሬ ተሸክሞ ነው የሄደው። ያንን ማን እንዳወራለት አልጠየቅኩም። ይሄንን ግን አውቄያለሁ።»

«እቴቴ...»

«አላፈርኩብህም። ያን በጋም አላፈርኩብህም፤ ቀሚሱ እንኳ ያምርብህ ነበር። ያፈርኩት ዛሬ ነው። ሴቶቹ ሁሉ ሞቱ ብለህ ብቻህን ጫካ ገባህ።»

ሽማግሌዎቹ ለስላሳቸውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። ሊነሱ ነበር።

«ተቀመጡ» አለቻቸው። «ያጨበጨባችሁት እናንተ ናችሁ፤ እናንተም ትሰማላችሁ።» ተቀመጡ። ወደ ቢንያም ዞረች። «አንተ ደግሞ ስልክህን ደቅን፤ ሽማግሌ ሲናገር ትደቅን የለ?» ከዚያ ፊቷን ወደ ወንድሟ መለሰች፤ እግሩ አሁንም ሳንቃው ላይ ነው።

«እግርህ ተናግሯል ወንድሜ። የቀረው አፍህ ነው። ለሆሴዕ ንገረው። ማን እንዳለበሰህ፣ ማን እንዳጎረሰህ፣ የማንን እሳት እንደሞቅህ፣ የእያንዳንዷን ስም ጠርተህ ንገረው። ሰምቶ እሄዳለሁ ካለ ይሂድ፤ እውነቱን ሰንቆ ይሂድ። በል ጀምር። የጠና ሙሽራ ነበርኩ ብለህ ጀምር።»